ጨው የጠጣው መሬት

በክረምት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ከጮቄ በኩል ማጉረምረም ሲጀምር የደብረ ማርቆስ ሰው የተሰጣ ልብሱን ለማንሳት ይሮጣል። ባሌ ግን የሚሮጠው ወደ እጀታው ነበር። የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ ይጥላል፣ ከእንግዳ ጋር የያዘውን ጨዋታ ያቋርጣል፣ አንዴማ ፂሙን ግማሹን ተላጭቶ ግማሹን በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ግቢውን አቋርጦ ሲሮጥ አይቼዋለሁ። ያገባሁት ሰውዬውን ይሁን እጀታውን እስኪጠፋኝ ድረስ እበሽቅ ነበር።

እጀታው የአንቴና መቀየሪያ ነው። በሬዲዮ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ዝቅ ብሎ፣ ጥቁር ጣውላ ላይ ተመቷል። ወደ ቀኝ ሲገፋ ሬዲዮው ከአዲስ አበባ ጋር የሚነጋገርበትን ሽቦ ይይዛል፤ ወደ ግራ ሲገፋ የደብረ ኤልያስን። ወደ ታች ሲወርድ ግን ሁለቱም ሽቦዎች ከሬዲዮው ይለያዩና በወፍራም የመዳብ ገመድ አድርገው ግድግዳውን አልፈው መሬት ይገባሉ። ያን ጊዜ መብረቅ ሽቦዎቹ የተሰቀሉበትን የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቢመታው ሰውንም መሣሪያውንም ሳይነካ በገመዱ ወርዶ እዚያው መሬት ውስጥ ይቀራል። ባሌ ይህን ለመጣው ሰው ሁሉ ሲያስረዳ እኔ ውዳሴ ማርያምን በማውቀው ልክ በቃሌ ይዤው ነበር። ደግሞም እውነቱን ነው። ባንዱ ክረምት መብረቅ ምሰሶውን መትቶት፣ ከባሕር ዛፉ ላይ እንጨት ፈልጦ ከመጣሉ በቀር ሬዲዮው አንዳች ነገር አልሆነም። ከዚያ ወዲያ ባሌ በእጀታው ላይ ያለው እምነት በማንም የሚነቃነቅ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የተከለው አንድ ፈረንጅ የሳይንስ አስተማሪ ነው። ፈረንጁ ደመወዝ ሳይከፈለው፣ ለገዛ ደስታው ብሎ፣ በሬዲዮ ከዓለም ሰው ጋር የሚያወራ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያሉትን አማተር ይሏቸዋል። ባሌ ያኔ የሆስፒታሉን ጄኔሬተር የሚያይ ሠራተኛ ነበር። ምሽቱን ሁሉ ከፈረንጁ ጋር እያሳለፈ ሙያውን ለቀመው። ሰውየው ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለሆስፒታሉ ትቶለት ሄደ። ባሌም ፈቃድ አስወጥቶ አንዱን ሬዲዮ ፈረንጁ በተከለበት እኛ ዘንድ፣ ሆስፒታሉ ግቢ አስቀርቶ፣ ሌላውን ደብረ ኤልያስ ክሊኒክ አቆመው። በክሊኒኩ በሽተኛ የሚያክመው የደብረ ኤልያሱ ድሬሰር የታናሽ እህቴ ባል ነበር። ሬዲዮውን መክፈትና መዝጋት፣ እጀታውንም ማውረድ ባሌ አስተማረው። ልጁ የሚማር ልጅ ነበር፤ ባሌን “ጋሼ” እያለ ከአባቱ በላይ ያከብረዋል።

አሁን ወደ ጨው ልመጣ ነው።

መሬታችን ቀይ አፈርና ጭንጫ ነው። በጋ ላይ ይደርቃል፤ የደረቀ መሬት ደግሞ መብረቅን እሺ ብሎ አይቀበልም። ስለዚህ ፈረንጁ ገመዱ የሚታሰርበትን የመዳብ ዘንግ ሲቀብር ዙሪያውን ጨውና ከሰል ቀላቅሎ ሞላው። ጨው እርጥበት ይይዛል፤ እርጥብ መሬት መብረቁን ይውጣል። ባሌም ደብረ ኤልያስ ላይ እንደዚያው አደረገ። ጉዳዩ በመጽሐፍ ሲታይ እንከን የለውም። በፈረንጁ አገር ከብት ጨው አምሮት ሜዳ ለሜዳ አይዞር ይሆናል። የጎጃም በሬ ግን ጨው ከሸተተው የቀንበሩንም፣ የጅራፉንም ነገር ይረሳል። ጨው በተቀበረ በሳምንቱ ከብቶቹ ምሰሶው ሥር ተሰብስበው መሬቱን በምላሳቸው ይፍቁት፣ በኮቴያቸው ይቆፍሩት ጀመር። በእሾህ ብናጥረው እሾሁን በቀንዳቸው ገፍተው ገቡ። ባለቤቶቹን ብንለምናቸው፣ “እኛ ከብት እንጂ ሬዲዮ አናውቅም” አሉን። ከብቶቹ እየረገጡ እየጎተቱ የመዳቡን ገመድ ከዘንጉ እንዳይነቅሉት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ያ ሰው እኔ ሆንኩ። የስድስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት አስተምሬ ከሰዓት ዱላ ይዤ ከብት አባርራለሁ።

ደብረ ኤልያስ ላይ ይህ ሥራ የእህቴ ነበር። ባሎቻችን የሬዲዮ ጉዳያቸውን ሲጨርሱ ለትንሽ ጊዜ ያገናኙናል። ሌላ ሰው ቢሰማን ያፍርብን ነበር።

“እትዬ፣ የኔዎቹ ዛሬ ጥጃም ጨምረው መጡ” ትለኛለች።

“ያንቺዎቹስ ጨዋ ናቸው። የኔ አንዱ ቀንዳም ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የሚልሰው።”

“ቅዳሜ ገበያ ሲሆን ነው ጉዱ። ገበያተኛው በሬውን ለቆብኝ ጠላ ቤት ይገባል።”

እናታችን ስትሞት ይህችን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኋት። ተድራ ደብረ ኤልያስ ስትሄድ ቤቱ ጠቦኝ፣ ሰፍቶኝ፣ ምን እንደሆነብኝ እንጃ። በሬዲዮ ስለ ከብት ስታወራኝ ድምጿ ይበቃኝ ነበር።

የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችው በዚያ ዓመት ነው። ወሯ የሚገባው ሐምሌ ላይ ሆነ። ሐምሌ ማለት መንገዱ ጭቃ የሚሆንበት፣ በመካከል ያለው ወንዝ የሚሞላበት ነው፤ መኪና ከወንዙ ወዲያ አያልፍም። በሰኔ መጥታ እኔ ዘንድ ትክረም ብዬ ለመንኩ። ባሏም ፈልጎ ነበር። እሷ ግን፣ “እሱን ማን ያበላዋል፣ ከብቶቹንስ ማን ያባርራል” ብላ ቀረች።

ምጡ ያዛት ተባለ፤ ነጋ፤ መሸ፤ እንደገና ነጋ፤ ልጁ አልመጣም። ጠዋት በሬዲዮ የሆስፒታላችን ሐኪም ቀረበና ባሏን ጠየቀው። ባሏ እጁን ታጥቦ ሆዷን ዳሶ የነገረው ነገር ግልጽ ነበር፤ ሕፃኑ በማህፀን ውስጥ ተጋድሟል። ሐኪሙ መነጋገሪያውን ለባሌ መልሶ ወደ እኔ ዞረ።

“እዚያ ሊወለድ አይችልም። እዚህ ከመጣች በቀዶ ጥገና ልናተርፋት እንችላለን። ከቆየች ግን ትሞታለች” አለኝ።

እንዲህ ፊት ለፊት ስለነገረኝ እስካሁን አመሰግነዋለሁ። የተስማማነው እንዲህ ነበር፦ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ይነሳሉ፤ እኛም በሆስፒታሉ ላንድሮቨር ወንዙ ዳር ድረስ ሄደን እንጠብቃለን። እስከዚያው ምን መደረግ እንዳለበት ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት እንደገና እንነጋገራለን።

ትምህርት ቤት ለክረምት ተዘግቶ ነበር፤ ቤት ዋልኩ። የምችለው ነገር አልነበረኝም። ጸለይኩ፣ ተሳልኩ፣ ከዚያ ስእለቱ ያነሰ መሰለኝና ጨመርኩበት። ሰማዩን በየደቂቃው አያለሁ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ጮቄ ላይ ጥቁሩ ደመና ተከምሮ ነበር። ባሌም አይቶት ኖሮ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሬዲዮውን ከፈተው። ሐኪሙንም ሮጠን አስጠራነው።

የእህቴ ባል ወዲያው መለሰ። አልጋዋን ወደ ሬዲዮው ክፍል አምጥቶ እንዳስጠጋት ነገረን፤ እሷንም ሬዲዮውንም ባንድ ዓይን ለመጠበቅ ነው። ከበስተኋላው የሴቶች “ማርያም፣ ማርያም” ይሰማል። ድምፁ ሻክሯል።

“አቅሟ እየደከመ ነው፣ ዶክተር። ተሸካሚ ሰዎቹን ግን አግኝቻለሁ። ኦቨር።” ተራውን ለኛ መልቀቁ ነው።

ሐኪሙ ስኳር በውሃ በጥብጦ እንዲያጠጣት፣ ሆዷን ማንም እንዳይጫን፣ ልጁን ለመሳብ ማንም እንዳይሞክር አዘዘው። ድሬሰሩ ትእዛዙን አንድ በአንድ ደገመው። ከዚያ ባሌ መነጋገሪያውን ለኔ ሰጠኝና እህቴ መጣች። ድምጿን አላወቅኩትም፤ የአሮጊት ድምፅ ነበር።

“እትዬ፣ ጋሼ አለ?”

“አለ፣ አጠገቤ ነው። አይዞሽ፣ ነገ እኔ ዘንድ ነሽ።”

“ለሱ ንገሪልኝ፤ ከብቶቹ…”

ሰማዩ ከጣሪያችን በላይ ተሰነጠቀ። የባሌ እጅ እጀታው ላይ ነበር፤ ወደ ታች አወረደው። ሬዲዮው ዝም አለ።

“ከብቶቹ ምን?” እያልኩ መነጋገሪያውን ጨምቄ ቀረሁ። እንዲህ ሆና ስለ ከብት ማሰቧ አንጀቴን በላው። “ክፈትልኝ” አልኩት ባሌን። “ለአንድ ቃል ብቻ።”

“አልከፍትም።”

“እህቴ ናት።”

“የኔም እህት ናት። አሁን እሱም አውርዶታል፤ ብከፍተውም የሚሰማሽ የለም።”

“አላወረደውም ይሆናል። እየጠራን ይሆናል። የሆነ ነገር ፈልጋ ነው እኮ!”

“እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አውርዶታል” አለኝ።

ለመንኩት። እግሩ ሥር ወደቅኩ፤ ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልመናው አልሆን ሲል ስድብ ጀመርኩ። ከገዛ ቆዳው ሌላ የሚወደው እንደሌለ፣ ልጅ ስላልወለድንም ምጥ ምን እንደሆነ እንደማይገባው፣ ብዙ የማይባል ነገር አልኩት። በመጨረሻ እጀታውን ራሴ ላነሳው እጄን ስሰነዝር ገፈተረኝ። በትዳራችን እጁን ያነሳብኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፊቱ እንደኔው በእንባ ርሶ ነበር።

ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ በባልዲ የሚደፋ ነበር። ከብቶቹ በዚያ ዝናብ እንኳ አልተበተኑም፤ ጨዋማው ጭቃ ውስጥ አፍንጫቸውን ቀብረው ይልሳሉ። ደበደብኳቸው። ያን ቀንዳሙን በሬ ዱላው እስኪሰበር መታሁት፤ እሱ ግን ምን እንደበደለኝ እንኳ አያውቅም። እጮሃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እመታለሁ። ባሌ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ “ከዘንጉ ራቂ! መብረቁ የሚወርደው እዚያ ነው!” እያለ ይጮሃል። ቢወርድ ግዴ አልነበረም።

ዝናቡ ሲያባራ ባሌ እጀታውን አነሳ። “ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ይሰማል?” አለ። ሽሮ ሲንተከተክ ያለው ዓይነት ድምፅ ብቻ መጣ። ደገመው። ባትሪው እስኪደክም ድረስ ጠራ።

“ነጎድጓዱ እነሱ ዘንድ አልፎ ገና አላባራም ይሆናል” አለኝ። “ልጁ ጥንቁቅ ነው፤ ቶሎ አያነሳውም።”

እኔም ይህን ያዝኩ። ባሌን እጀታውን ስላወረደ ስረግመው ውዬ የእህቴን ባል ስላወረደው መመረቅ ጀመርኩ። የተቸገረ ሰው የሚይዘው አያጣም።

ጎህ ሲቀድ ወንዙ ዳር ደረስን። ሐኪሙ፣ ሾፌሩ፣ ባሌና እኔ ነበርን። ውሃው ቡና መስሎ እየደነፋ ይወርዳል። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ከማዶው ቁልቁለት ላይ ሰዎች ብቅ አሉ። ቃሬዛው ይታየኛል። መጀመሪያ የፈለግሁት የእህቴን ባል ካኪ ካፖርት ነበር፤ ከፊት የለም፤ ከኋላም የለም። ቀጥሎ ያየሁት የሰዎቹን ጋቢ ነው። ሁሉም አዘቅዝቀው ነው የለበሱት።

ያገሬ ሰው ጋቢውን አዘቅዝቆ የሚለብሰው ሰው ሲሞትበት ነው። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ደረቴን ልመታ እጄን ሳነሳ ግን ነገሩ አልገጥምልሽ አለኝ። ሞታ ከሆነ ለምን ወደኛ ያመጧታል? ደብረ ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን አላት፤ መቃብር አላት። ሰዎቹ ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ አንስተው፣ በገመድ ተያይዘው ወንዙ ውስጥ ገቡ። መሃል ሲደርሱ ቃሬዛው አዘነበለና የእህቴ እጅ ወጥቶ ጠርዙን ጨበጠ።

ሳቅኩ። አፌን ከፍቼ፣ እያለቀስኩ፣ በሕይወቴ ስቄ የማላውቀውን ሳቅ ሳቅኩ። “አለች! አለች!” ብዬ ባሌን ክንዱን ይዤ ነቀነቅኩት። እሱ አልሳቀም። ዓይኑ የሰዎቹ ጋቢ ላይ ነበር።

ቃሬዛው ወደኛ ተሻግሮ ሐኪሙ ሲጎነበስባት ባሌ በዕድሜ የገፉትን ተሸካሚ ወደ ዳር ወሰዳቸው። ተከተልኩት።

“ድሬሰሩስ፣ አባቴ?”

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። “ትናንት ቤቱን መብረቅ መታው፣ ልጄ። ማምሻውን ቀበርነው። ልጅቷን ወንዝ ዳር አድርሱ ብሎ ተማጥኖን ነበርና ቃሉን ይዘን መጣን።”

“እጀታውን አላወረደውም እንዴ?” አለ ባሌ። ድምፁ የሚለምን ድምፅ ነበር።

“እሱን አናውቅም። ሴቶቹ ግን ሰማዩ እንዳጉረመረመ አውርዶት ነበር አሉ። ሲያባራ ቶሎ ላነሳው ብሎ እጁን እላዩ ላይ እንዳደረገ ነው የመታው።”

እህቴ ተረፈች። ልጁ ሞቶ ወጣ፤ ወንድ ነበር። ለብዙ ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እኔ ቤት ተኛች። ምሽቱን ሙሉ እጇን ይዤ እቀመጣለሁ። እሷን ማርልኝ ብዬ ስለምን ስለ ባሏ አንድም ቃል ለአምላክ አልተናገርኩም ነበር፤ እሱን ማን ያስባል፣ እሱ ጤነኛው ነው።

መንገዱ ሲደርቅ ባሌ ደብረ ኤልያስ ሄዶ ተመለሰ። ያየውን የነገረኝ በአጭሩ ነው። ከምሰሶው ሥር መሬቱ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። የመዳቡ ዘንግ ግማሹ ወጥቶ ተጋድሟል። ገመዱ ከዘንጉ ተነቅሎ፣ ጫፉ የትም ሳይነካ ሣር ላይ ወድቋል። እህቴ ምጥ ከያዛት ጊዜ ጀምሮ ከብቶቹን የሚያባርር ሰው አልነበረም። ድሬሰሩ እጀታውን ሲያወርደው መብረቁን የላከው የትም ወደማይደርስ ገመድ ነው። መብረቁ መውጫ ሲያጣ እጀታውን የያዘውን እጅ አገኘ።

ባሌ ይህን ከነገረኝ በኋላ ዶማ ይዞ ወጣና የኛን ጨው ቆፍሮ እስከ ጥቁር ከሰሉ አወጣው። በጆንያ ተሸክሞ ወስዶ ገደል ጣለው። ከዚያ ወዲህ በጋ ላይ ጠዋት ጠዋት ዘንጉን እንደ ጽጌረዳ ውሃ ያጠጣው ነበር። ከብቶቹ ለጥቂት ጊዜ እየመጡ መሬቱን አሽትተው ሄዱ፤ ኋላም ተዉት።

እህቴ ስለዚያ ቀን የተናገረችው ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኔና እሷ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስን ነበር። ከማዶ በሬዎች ሲያልፉ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ “ያኔ ምን ልልሽ እንደነበር ታውቂያለሽ?” አለችኝ።

“አላውቅም።”

“ከብቶቹ ገመዱን ነቅለውታል ልልሽ ነበር። ጎረቤቴ አይታ ነግራን ነበር። ሂድና አያይዘው ብዬ ለመንኩት፤ ‘ካንቺ አጠገብ ለአፍታም አልነሳም’ አለኝ። ጋሼ ካዘዘው ግን እምቢ አይልም። ጋሼ ይዘዘው ልልሽ ነበር፣ እትዬ።”

ጎመኑን ይዤ ቤት ገባሁ። ባሌ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ መነጽሩን ይወለውል ነበር፤ ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ። ጎመኑን ልከትፍ ወደ ማድቤት አለፍኩ።

ሬዲዮውን ሌላ ሰው ከተረከበው፣ ባሌም ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ፣ በየክረምቱ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ቀኝ እጁ ከጭኑ ላይ ብድግ ይልና መልሶ ይወርዳል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ያን ቀን ስለ ከብቶቹ ምን ልትል ነበር?” ይለኛል።

“ምጥ ላይ ነበረች እኮ፤ ምኑን ታውቀዋለች” እለዋለሁ።

እስኪሞት ድረስ ሌላ መልስ አልሰጠሁትም።